ጥጃ ምን ኃጢአት አለው?

ነሐሴ ደባርቅ ላይ ሰዓት የለውም። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ተነሥቶ አስፋልቱን ይሻገርና ቢሮ ውስጥ ይገባል። ወረቀት ይረጥባል፤ የማኅተም ቀለም አይደርቅም፤ ሰው ግቢ ውስጥ ሲጣራ ድምፁ ከየት በኩል እንደመጣ አይለይም። ያን ክረምት ሳስበው ከፊሉን የኖርኩት፣ ከፊሉን ደግሞ ተኝቼ ያየሁት ይመስለኛል። ግን ሁሉም ሆኗል። የሞተው ሰው ሞቷል፤ የዳነችውም ድናለች።

የተወለድኩት ዳባት ነው፤ ሥራ የያዝኩት ደባርቅ። በአንድ የጤና ቢሮ ውስጥ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ነበርኩ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ከየጤና ኬላው በየሳምንቱ የሚመጣውን ወረቀት እሰበስባለሁ፤ ይህን ያህል ወባ፣ ይህን ያህል ተቅማጥ፣ ይህን ያህል ኩፍኝ ብዬ እደምራለሁ፤ ድምሩን ወደ በላይ እልካለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስደምር ኖርኩ።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ርእሱ «አንድ ጤና» ይላል። የሰው ጤና፣ የእንስሳት ጤናና የአካባቢ ጤና ስለማይነጣጠሉ፣ ሦስቱን ሥራ የያዙት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ኮሚቴ ይቀመጡ፣ አብረው ያቅዱ፣ አብረው ይውጡ የሚል ነው። እኔ ጸሐፊ ተደረግኩ። አንድ ቀን ተሰብስበን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ቃለ ጉባኤ ፈርመን፣ ፎቶ ተነሥተን ተለያየን። ቃለ ጉባኤውን እኔው በፋይል አስሬ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት። ደኅና አድርጌ ነበር ያሰርኩት።

የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። የተራራው ብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ፣ ስካውት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ተራራ ላይ አውሬ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ካፖርታቸው ከዝናቡ ብዛት ቀለሙ የጠፋ ሰው። በዱላቸው ጫፍ የማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥለዋል። ቀስ ብለው ደጃፉ ላይ አስቀመጡት።

«እንደምን አደርሽ ሲስተር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምንድን ነው እሱ ጋሼ?»

«ቀይ ቀበሮ ነው። ፊቴ ወድቆ ሞተ። ሁለት ቢሮ ዞሬ መምጣቴ ነው። አንደኛው የዱር አውሬ የእኛ ሥራ አይደለም አለኝ። ሁለተኛው ሪፖርት ጽፈህ አምጣ አለኝ። እኔ ደግሞ ከፊርማዬ በቀር አልጽፍም።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የሰው ጤና ነን» አልኳቸው።

ያችን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልወዳትም። ሽማግሌው አልተቆጡም። ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና፣ «ቀበሮ ሰው ሲያይ ይሸሻል» አሉ። «ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን ቀርበውኝ አያውቁም። ይኼኛው ግን ወደ እኔ መጣ። አፉ አረፋ ይዟል፤ የኋላ እግሩን ይጎትታል። አጠገቤ ደርሶ ቆመና አየኝ፤ ግን እኔን አልነበረም የሚያየው። ከዚያ ወደቀ። ይኼን አይቼ ዝም ብል ያስጠይቀኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የት አካባቢ ነው?»

የመንደሩን ስም ነገሩኝ። ስሙን አውቀዋለሁ። በቅርብ ጽፌዋለሁ። ወረቀቶቼን ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ሽማግሌው በር ላይ እንደቆሙ፣ ጉሙ በትከሻቸው ላይ እየገባ። ከቁልሉ መካከል አገኘሁት። አንዲት ሴት፣ ውሻ ቁርጭምጭሚቷን ነክሷት፣ ቁስሉ በሳሙና ታጥቦ፣ ለክትባት ወደ ጎንደር እንድትሄድ ተነግሯታል ይላል። ወረቀቱ ከመጣ አምስት ሳምንት ሆኖታል። እኔ «የውሻ ንክሻ» በሚለው ረድፍ ውስጥ «አንድ» ብዬ ጽፌ አልፌው ነበር። ጎንደር ሄዳ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ውሻው የት ገባ አላልኩም።

የእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ከእኛ ግቢ በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነበር የሚለየው። በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለኮሚቴው ፎቶ አብረን ከመቆማችን በቀር አጥሩን ተሻግሬ አላውቅም። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሁልጊዜ ቦት ጫማ የሚያደርግ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። የሽማግሌውንና የሴትዮዋን ነገር ስነግረው መዝገቡን አወጣ። ከዚያው መንደር፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ሁለት ጥጃና አንድ አህያ። ምራቅ ይዝረከረካል፤ ያለ ልማዳቸው ይናከሳሉ፤ ውሃ መዋጥ አይችሉም፤ ሞቱ።

«ለማን ነገርክ?» አልኩት።

«ወደ በላይ ላክሁት። አንቺስ?»

«እኔም ወደ በላይ ነው የላክሁት።»

«እንግዲህ» አለ መዝገቡን እየዘጋ፣ «ወረቀቶቻችን ላይ ቤት ተገናኝተው ይሆናል። እኛ ነን ታች ያልተገናኘነው።»

ሽማግሌውን ወደ ቧንቧው ወስዶ በሳሙና እጃቸውን እስከ ክርናቸው አሳጠባቸው። «ዳግመኛ ባዶ እጅ እንዳይነኩ ጋሼ» ብሎ እንደ አባት ተቆጣቸው። እሳቸውም እንደ ልጅ እሺ አሉ። እኔ ለመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወልኩ። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ድምፅዋ ከሩቅ ጕድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ።

«ጎንደር አልሄደችም። እርሻ ነው፣ መንገዱም ተቆርጧል ብላ ቀረች። አሁን ግን ወንድሟ ታሞ ጠበል ወስደውታል፤ እሷም አብራው ሄዳለች።»

«ወንድሟን ምን አመመው?»

«ምን እንደሆነ እንጃ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ ሲያይ ይጮኻል አሉ።»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ የሰማሁትን ለሐኪሙ ነገርኩት። ወንድሟም መነከሱን የጻፈ፣ የጠየቀ፣ የነገረንም ሰው አልነበረም።

መኪና የነበረው ፓርኩ ነው። በሥርዓቱ ቢሆን እኛ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ የነዳጅ ይጠየቃል፤ ያ ሁሉ ሳምንት ይፈጃል። ሽማግሌው ግን ወጥተው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናውን ከሾፌሩ ጋር አመጡት። ለኃላፊያቸው ምን ብለው እንደሆነ በኋላ ጠየቅኳቸው። «ወረቀቱ ይደርሳል፤ ሰውዬው ግን አይደርስም አልኳቸው» አሉኝ። ኃላፊያቸውም ገባቸው።

መኪናው የሚደርሰው እስከ አንድ ወንዝ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ሽማግሌው ከፊት፣ ሐኪሙ ከኋላ፣ እኔ መካከል። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጉሙ ውስጥ ዳርና ዳሩ ጠፍቶ ባሕር ይመስላል። አልፎ አልፎ ከገደሉ አፋፍ የጭላዳ ዝንጀሮዎች ድምፅ ይመጣል፤ የሚያወሩ ሴቶች ነው የሚመስሉት፤ ስንቀርብ ዝም ይላሉ፤ ስናልፍ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቦታ ላይ ጉሙ ተከፈተና ከበላያችን፣ ሰማይ ይሆናል ብዬ ባሰብኩት ቦታ፣ ጓሳ ሣር የለበሰ ኮረብታ ታየ። የእርሻ ማሳ፣ ከብት የሚግጥበት መስክ፣ የቀበሮው አገር፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ድንበር አልነበረውም። ውሻው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያቋርጠዋል። እኛ ግን በአጥር ተከፋፍለን ነበር።

ጠበሉ ከገደል ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ይወርዳል። ፍልሰታ ስለሆነ ሰው ብዙ ነበር። ነጭ የለበሱ ሰዎች ጉሙ ውስጥ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ የጸሎቱ ድምፅ እንጂ የሚጸልየው ሰው ፊት አይታይም። አጥማቂው ቄስ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ጠበሉ ጣታቸውን ያኮማተረው ሰው፣ ከአንዲት የሣር ጎጆ ፊት ቆመው ነበር። መስቀል አሳለሙንና ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ነገርናቸው።

ጎጆው ውስጥ ሁለት ዘመዶቹ የያዙት ጎልማሳ ተቀምጧል። ገበሬ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እህቱ፣ ከእሱ ጥቂት የምትበልጥ፣ አንድ እግሯ በጨርቅ የታሰረ፣ ራስጌው ቁጭ ብላ ጋቢውን ትደላድላለች። በበሩ በኩል አንዲት ሴት በጀሪካን ጠበል ይዛ አለፈች። ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ሲንቦጫቦጭ የሰማው ሰውዬ አንገቱ ተገተረ፤ ትንፋሹ ተቆረጠ፤ የያዙትን ሁለቱን ሰዎች ይዟቸው ሊነሣ ደረሰ።

«አያችሁ?» አለ አንደኛው ዘመድ። «ጠበል የሚፈራው እሱ አይደለም፤ በላዩ ያለው ነው። ወርዶ መጠመቅ አለበት፤ አባ እሺ አላሉንም።»

ቄሱ ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ የከብት ሐኪሙ ነህ?»

«አዎን አባ።»

«ሐምሌ ላይ አንዲት ጥጃ ሞታብኛለች። ደኅና የነበረች ጥጃ። ውሃ ሳቀርብላት ትንቀጠቀጣለች፤ ልትጠጣ ትፈልጋለች፣ ጉሮሮዋ እምቢ ይላታል። እንዲሁ እያየችኝ ሞተች።» ከዚያ ወደ ዘመዶቹ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ይኼን ሰው ካመጣችሁት ጀምሮ ጥጃዬ ከፊቴ አልሄድ አለችኝ። ዓይኑ የእሷ ዓይን ነው። ሰይጣን ነው አላችሁኝ። ይሁን። ጥጃ ምን ኃጢአት አለው? አልዘፈነ፣ አልበደለ፣ ጾም አልሻረ። ጥጃዬ ላይ የመጣው ምን ፈልጎ ነው?»

ውሃው ከድንጋዩ ይወርዳል።

እኛ ሦስት ቢሮ ሆነን ያላገናኘነውን ነገር እኒያ ቄስ ብቻቸውን፣ ከጥጃቸው ዓይንና ከሰውዬው ዓይን አገናኝተውት ነበር። ሐኪሙ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን፣ ከውሻ ወደ ከብት፣ ወደ ሰው፣ ወደ ዱር አውሬም እንዴት እንደሚሻገር ቀስ ብሎ አስረዳ። ሽማግሌው ስለ ቀበሮው ጨመሩ። እኔ ጎጆው ውስጥ ገብቼ ሰውዬው አጠገብ በርከክ አልኩ። በዚህ በሽታ ውስጥ ሰው ልቡ የሚመለስለት ጊዜ አለ። ያኔ እንደዚያ ነበር።

«ሐኪም ነሽ?» አለኝ።

«የጤና ሰው ነኝ።»

«እህቴን ሲነክሳት ላስለቅቃት ገባሁ። ዞሮ ትከሻዬን ያዘኝ። በጋቢ ላይ ስለሆነ ጭረት ናት ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሰኔ ነው፤ ገበሬ ነኝ።» ትንሽ አረፈ። «እሷን ውሰጃት።»

«አንተንም እንወስድሃለን።»

«ለእኔ መድኃኒት አለሽ?»

ብዙ ሰው ዋሽቼ አጽናንቻለሁ። ያን ቀን ግን አፌ እምቢ አለኝ። «የሚያድንህ የለኝም» አልኩት። «ሆስፒታል ብንደርስ ሥቃይህን ያቀልሉልሃል።»

«እንዲህ ከሆነ ከዚህ አልነሣም። አባ አብረውኝ ይቆያሉ።»

እህቱ ሁሉንም ሰምታለች። «ወንድሜን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በአንድ ቤት ሁለት ለቅሶ አይሁን። ሂጂ» አላት። ተነሥታ ጉንጩን ልትስመው ስትጎነበስ ፊቱን አዞረ፤ «ምራቄን ፍሪ» አላት። ያን ማን እንደነገረው አላውቅም።

ለቄሱ እንዴት መጠንቀቅ እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ያለኝን ጓንትና ሳሙና ሁሉ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ጠበል ቀጂዎቹ በሌላ መንገድ እንዲያልፉ አዘዙ። የጎጆውን በር በነጠላ ጋረዱት። «ከእንግዲህ ጠበሉን ማንም አያሳየው» አሉ። «ጸሎት በጆሮም ይገባል።» ስንሄድ ከጎጆው ውስጥ ዳዊት ሲደግሙ ይሰማ ነበር። ድምፃቸው ከኋላችን ብዙ መንገድ ተከተለን፤ መቼ እንደተቋረጠ ልብ አላልኩም።

ከደባርቅ ጎንደር ስንወርድ እሷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተቀምጠናል። ዳባትን፣ ያደግሁበትን ሰፈር፣ በመስኮት አየሁት፤ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት አደባባይ፣ ሁሉም በዝናቡ ውስጥ ቀልጠው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ አሸለበኝ። በሕልሜ ያ ረድፍ፣ «የውሻ ንክሻ» የሚለው፣ በር ሆኖ ነበር። «አንድ» ብዬ የጻፍኳት ቁጥር ጋቢ ለብሳ ከበሩ ቆማ ታየኛለች። ስነቃ መኪናው የወገራን ሜዳ ይዞ ይበራል። ሴትዮዋ አልተኛችም።

ማምሻውን ጎንደር ላይ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። ሽማግሌው ስካውትም ለጥንቃቄ አብረዋት ጀመሩ። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ወንድሟ አርፏል። ሁለተኛው መርፌ ገና ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ዘመድ ቤት ቁጭ ብላ በጎንደር ከተማ፣ ወንድሟን በማያውቁ ሰዎች መካከል አለቀሰችው።

ሐኪሙ የቀበሮውን ጭንቅላት በጥንቃቄ አሽጎ ለምርመራ ላከው። ያሸገበት የበረዶ ሣጥን የእኛ የክትባት መያዣ ነበር። ለሰው ክትባት ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ለአንድ ዕቃ ጽሑፍ ስጨነቅ የነበርኩ እኔ ዳግመኛ እንዳንጠቀምበት በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ሰጠሁት። ውጤቱ የፈራነው ሆነ። ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ላይ ፋይሉን አወረድኩና ኮሚቴውን ጠራሁ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ያለነው ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ነበርን። ቄሱን ጋበዝናቸው፤ ጾሙ ተፈትቶ ስለነበር መጡ። ሴትዮዋም መርፌዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ደባርቅ ላይ አገኘናትና አብራን ገባች። ከኃላፊዎቹ አንዱ፣ ቅን ሰው ነው፣ ሰው ሞቷል ብሎ የተደናገጠ፣ «ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «በሥጋ መርዝ አድርገን ውሾቹን እናጥፋ። በሳምንት ያልቃል።»

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። «መርዙ ውሻ ላይ አይቆምም ጌታዬ። የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሣ ይበላዋል፤ ቀበሮ ይበላዋል። ዝናብ ያጥበውና ወንዝ ይገባል። ያንን ወንዝ ደግሞ የሚጠጣው ሰው ነው።»

«ታዲያ ሰው ይሙት?»

«አይሙት። ግን ሰውም እኮ ከዚያው ነው የሚኖረው።»

ሐኪሙ ሲናገር ለስለስ ብሎ ነው። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ እንደማይቀር፣ ከሌላ መንደር ያልተከተበ ውሻ መጥቶ እንደሚይዘው፣ የተከተበ ውሻ ግን ለመንደሩ እንደ አጥር እንደሚሆን አስረዳ። ኃላፊው ገና አልተዋጠለትም። ያኔ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሴትዮዋ ተናገረች።

«እኔን የነከሰኝ ውሻ ነው። ወንድሜን የገደለው ውሻ ነው። ቤቴ ግን ከገደል አፋፍ ነው፤ በጎቼን ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቅልኝም ውሻ ነው። መርዝ ይዛችሁ ብትመጡ እኔ ራሴ ውሻዬን እደብቃለሁ። መርፌ ይዛችሁ ብትመጡ ጎትቼ አመጣዋለሁ።»

ኃላፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «እንግዲያስ መርፌው የት ይቀመጣል?» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ፍሪጅ ተበላሽቷል፤ የእኛ ቢሮ ግን ለመጠባበቂያ የቆመ አሮጌ ፍሪጅ ነበረው። እኔ እጄን አወጣሁ። ነዳጁና መኪናው የፓርኩ ሆነ። ቀኑን ቄሱ ቆረጡ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ። «ግን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ አይሆንም፤ ውሻ ቅጽሩን አይቀርብም» አሉ። «ከታች ያለው አውድማ ይሁን። እህል ገና አልወጣበትም። ዐዋጁን እኔ እናገራለሁ።»

የሟቹ የአርባ ቀን ተዝካር ከዚያ እሑድ ትንሽ ቀደም ብሎ ወደቀ። ሦስታችንም ተጠራን። እኔ ዳሱ ውስጥ መግባት አቃተኝ። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ሰው እየተመገበ ሳለ ከቤቱ ጀርባ፣ የባቄላው ማሳ ጥግ ቆሜ ነበር። ፈልጋ መጣች።

«ምነው ደጅ ቆምሽ? እንግዳ ሆንሽብን?»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ወረቀቷ ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ሳምንት መቀመጡን፣ በመጣ ጊዜ ብከታተል ኖሮ ስለ እሷ ስጠይቅ ስለ እሱም እሰማ እንደነበር፣ ያኔ መርፌው ለሁለቱም ይደርስ እንደነበር። ሳላሳጥር፣ ሳላለዝብ ነገርኳት። ስናገር ዓይኗን አላነሣችም፤ ከባቄላው አንድ ቅጠል ቀጥፋ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ነበር።

«እኔም ሂጂ ተብዬ ቀረሁ» አለች። «እሱም ደብቆ ቀረ። አንቺም ቀረሽ።» ቅጠሏን ጣለችው። «ይቅር አልኩሽ አልልሽም፤ ገና ነው። ግን ምግቡ የእሱ ነፍስ ይማር ነው። ገብተሽ ብዪ።»

ገባሁ። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የበላሁት ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ እጇ እንጀራውን ወደ እኔ ሲገፋው ግን አስታውሳለሁ።

እሑዱ ብሩህ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ አውድማው ወረደ። መጀመሪያ ውሻ ይዞ የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ከሩቅ ቆሞ ያያል። መርዝ ነው የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል። ሐኪሙ ሣጥኑን ከፍቶ፣ እኔ መዝገቡን ይዤ፣ ሽማግሌው ገመድ ይዘው፣ ሦስታችን በባዶ አውድማ መካከል ቆመናል። ሰማዩ በጣም ሰማያዊ ነበር።

ከዚያ እሷ ከቁልቁለቱ መጣች። ትልቅ ግራጫ ውሻዋን በጠፍር አስራ እየጎተተች፣ ውሻው መሬቱን በአራት እግሩ እየቆነጠጠ፣ እሷ እየሰደበችው። ሰዉ ሳቀ። ሐኪሙ ወጋው፤ ሽማግሌው አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩለት። ሰዉ ውሻው ይወድቅ እንደሆነ ብሎ ይጠብቃል። ውሻው ራሱን አራገፈና አውድማው ጥግ ሄዶ ፀሐይ ላይ ተኛ።

ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? የእኔንም አምጡልኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከየጎጡ መጡ። በገመድ የሚጎተቱ፣ በሸክም የሚመጡ፣ በባለቤታቸው ጋቢ የተጠቀለሉ ቡችሎች። ማንም አልተነከሰም። እኔ የያዝኩት መዝገብ ሦስት ረድፍ ነበረው፤ ለጤና፣ ለእንስሳት፣ ለፓርኩ። በየረድፉ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ውሻ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ እስከማስታውሰው ድረስ አንዱንም ሳላይ አልጻፍኩም።

ሁሉም ነገር ከዚያ ወዲህ ተቃና አልልም። ሐኪሙ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ የተተካው ልጅ አጥሩን ለመሻገር አንድ ዓመት ፈጀበት፤ እኔ ሄጄ አመጣሁት። ሽማግሌው በጡረታ ወጡ፤ ቄሱ ግን አሁንም ያጠምቃሉ፤ በውሻ የተነከሰ ሰው ሲመጣላቸው ቁስሉን በሳሙና አሳጥበው፣ ጸልየውለት፣ «አሁን ወደ መርፌው» ብለው ያሰናብቱታል። አንዳንድ ወር ኮሚቴው አይሰበሰብም፤ ነዳጅ ይጠፋል፤ ክትባቱ ይዘገያል። አውድማው ላይ ግን በየዓመቱ እንወርዳለን፤ በዚያ መንደር እስከ ዛሬ ሌላ ሰው በዚያ በሽታ አልተቀበረም።

በዚያ በመጀመሪያው እሑድ ሥራው ሲያልቅ ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። የመንደሩ ሰው የተቆላ ገብስና ጠላ አመጣልን። ቀይ ጨርቅ ያሰሩ ውሾች በአውድማው ዙሪያ ተኝተዋል፤ አንዳንዱ በእንቅልፉ እግሩን ያወራጫል። ሴትዮዋ ገብሱን በመዳፏ እየዘገነች ትሰጠኛለች። ስለ ወንድሟ አወራችኝ፤ በልጅነቱ ዋሽንት እንደሚነፋ፣ ዘፈኑን ግን እስከ መጨረሻው እንደማያውቀው፣ መካከል ላይ ሲደርስ እንደሚስቅ። እኔ እሰማለሁ። ሌላ ነገር ትዝ ይላትና ትቀጥላለች። ሐኪሙ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ማንም ለመሄድ አልቸኮለም።